የማሊ ሜዳዎች፦ የአንድ ገጠር ሊግ ታሪክ ከምሥረታ እስከ መፍረስ



በ2015 የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ በአውስትራሊያ አንድ የገጠር ሊግ ፈረሰ። ስሙ የማሊ እግር ኳስ ሊግ ነበር። እዚህ ላይ ማሊ የተባለው በቪክቶሪያ ግዛት ሰሜን ምዕራብ ጥግ የሚገኘው ስንዴ አብቃይ አገር ነው እንጂ ምዕራብ አፍሪካዊቷ ማሊ አይደለችም። ሊጉ በ1997 የሰሜን ማሊና የደቡብ ማሊ ሊጎች ተዋህደው የመሠረቱት ሲሆን፣ ዕድሜው 19 የውድድር ዘመን ብቻ ሆነ። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገጠር ሊግ በፈረሰ ቁጥር ሰው ቶሎ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ ወጣቱ የጨዋታ ፍቅሩ ቀዘቀዘ ይባላል። የማሊ ታሪክ ግን ለዚህ አባባል ማስረጃ አይሆንም። ፍቅሩ እንዳለ ነበር፤ ያነሰው ሰው ነው። ሰውም ያነሰው እርሻው ስለከሸፈ ሳይሆን፣ ከሁሉ በላይ እርሻው በጥቂት ሰው ጉልበት መሠራት ስለቻለ ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ጨዋታውን፣ መሬቱን፣ ከዚያም የሰው ቁጥሩን በየተራ መመልከት ያስፈልጋል።

18 ሰው የሚጠይቅ ጨዋታ

አገሬው ፉቲ የሚለው የአውስትራሊያ እግር ኳስ ሌላው ዓለም እግር ኳስ ከሚለው የተለየ ነው። ሜዳው ሞላላ ነው፤ ርዝመቱም ብዙ ጊዜ ከ150 ሜትር ያልፋል። ኳሷም ሞላላ ናት። ተጫዋች ኳሷን በእግሩ መምታት፣ በእጁ ይዞ መሮጥ፣ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ጡጫ መትቶ ለጓደኛው ማቀበል ይችላል፤ መወርወር ግን ክልክል ነው። ከ15 ሜትር በላይ የተመታች ኳስ መሬት ሳትነካ አየር ላይ የቀለበ ተጫዋች፣ ተከላካይ ሳይነካው ረጋ ብሎ የመምታት መብት ያገኛል። ይህ ማርክ ይባላል፤ ተመልካችን ከመቀመጫው የሚያስነሣውም ከሌላው ትከሻ በላይ ተዘልሎ የሚያዝ ማርክ ነው።

በሜዳው ሁለት ጫፍ አራት አራት ቋሚዎች ይተከላሉ። በመካከለኞቹ ረጃጅም ቋሚዎች መካከል የገባች ኳስ ጎል ሆና 6 ነጥብ ታስገኛለች፤ ከረጅሙና ከዳሩ አጭር ቋሚ መካከል ያለፈችው ደግሞ ቢሃይንድ ትባላለች፣ ዋጋዋም 1 ነጥብ ነው። 12 ጎልና 8 ቢሃይንድ ያገባ ቡድን 80 ነጥብ አለው ማለት ነው። ከቋሚዎቹ ሥር የሚቆመው የጎል ዳኛ ጎል ሲሆን ሁለት ጣቱን ወደፊት ይዘረጋል፣ ከዚያ ሁለት ባንዲራ ያውለበልባል፤ ለቢሃይንድ አንድ ጣትና አንድ ባንዲራ ይበቃል።

የጨዋታው ሕግ በግንቦት 1859 በሜልበርን ከተማ ተጻፈ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዝነኛው የክሪኬት ተጫዋች ቶም ዊልስ ነበር። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር የተቋቋመው ከዚህ 4 ዓመት በኋላ፣ በ1863 ነው። ፉቲ ከሜልበርን ተነሥቶ በወርቅ ማዕድን መንደሮች፣ በከብት ርቢ ጣቢያዎች፣ በኋላም በስንዴው አገር ተዛመተ። በደረሰበት ሁሉ ግን አንድ ግዴታ አስከተለ። እያንዳንዱ ቡድን ሜዳ ላይ 18 ሰው ማሰለፍ አለበት፤ ከተቀያሪዎቹ ጋር 22 ገደማ ይሆናል። ሰው በበዛበት ዘመን ይህ ቁጥር ሸክም አልነበረም።

ሥሩ ያልሞተ መሬት

ማሊ አካባቢው ስሙን ያገኘበት የባሕር ዛፍ ዓይነት ነው። ዛፉ አንድ ግንድ የለውም፤ ከመሬት በታች ካለ ትልቅ ጉቶ ብዙ ቀጫጭን ግንዶች ያወጣል። ቢቆረጥም ቢቃጠልም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ነጭ ሠፋሪዎች ከመምጣታቸው በፊት አገሩ የዌርጋያ ሕዝብ ነበር። ከእነሱ አንዱ ጎሣ የሆኑት ቡሮንጎች በቲሬል ጨው ሐይቅ ዳር ስለ ከዋክብት የነበራቸው ዕውቀት በ1850ዎቹ በጽሑፍ ተመዝግቦ እስከ ዛሬ ይጠናል።

የማሊን መሬት ለስንዴ ያበቃው መሣሪያ ከደቡብ አውስትራሊያ መጣ። በ1876 ሪቻርድ ባውየር ስሚዝ የተባለ ሰው ጉቶ ዘለል ማረሻ ሠራ። የማረሻው ጥርስ በማጠፊያ የተያያዘ ስለሆነ ጉቶ ሲያጋጥመው ሳይሰበር ከፍ ይላል፣ ጉቶውን ሲያልፍም በክብደቱ ተመልሶ አፈር ይገባል። ጉቶ ነቅሎ ለመጨረስ ዘመን የሚፈጅ መሬት በዚህ ማረሻ ሳይነቀል ይታረስ ጀመር። በ1903 የባቡር ሐዲድ ኦየን የተባለችውን ከተማ አልፎ ሚልዱራ ደረሰ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም መንግሥት ከግንባር ለተመለሱ ወታደሮች መሬት አደለ። በማሊ የተለመደው ድርሻ 640 ኤከር፣ ማለትም 259 ሄክታር ያህል ነበር። የአገሩ ዓመታዊ ዝናብ 330 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ በዚያ ድርሻ ቤተሰብ ማስተዳደር ከእጅ ወደ አፍ ኑሮ ነበር። ሙቀቱም ቀላል አይደለም፤ የካቲት 7 ቀን 2009 በዚሁ በማሊ፣ በሆፕታውን ከተማ 48.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ተለክቷል፤ ይህም እስከዚያ ቀን በቪክቶሪያ ግዛት ከተመዘገበው የአየር ሙቀት ሁሉ ከፍተኛው ነበር።

ገበሬው ስንዴውን በፈረስ ጋሪ ወደ ባቡር ጣቢያ ያደርስ ነበርና፣ ጣቢያዎቹ ደርሶ መልሱ በአንድ ቀን እንዲያልቅ ተቀራርበው ተሠሩ። በየጣቢያው ሱቅ ተከፈተ፣ ትምህርት ቤት ተሠራ፣ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ቆመ፣ ሞላላ ሜዳም ተደለደለ። ሜዳ ካለ ቡድን አለ፤ ቡድኖች ተሰባስበው ሊግ ሆኑ። ስለዚህ የማሊ ሊጎች ካርታ በመሠረቱ የፈረስ ጋሪ ካርታ ነበር። ፈረስና ጋሪ ከመንገድ ከጠፉ በኋላ እንኳ ክለቦቹ በዚያው ርቀት ለብዙ አሥርት ዓመታት ዘለቁ።

ቅዳሜ በሜዳው ዳር

የውድድሩ ወራት ከሚያዝያ እስከ መስከረም ነው። ዘር የሚዘራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ አጨዳ የሚጀመረው ውድድሩ ካበቃ በኋላ ነው። ገበሬው ሳምንቱን ትራክተር ላይ ውሎ ሐሙስ ማታ ለልምምድ ይመጣል። ከልምምዱ በኋላ በክለቡ ቤት አብሮ እራት ይበላል፤ የቅዳሜው አሰላለፍም እዚያው ይነበባል።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ሜዳ የሚገቡት ልጆች ናቸው። ቀጥሎ ሁለተኛው ቡድን ይጫወታል፤ ከሰዓት በኋላ ዋናው ቡድን ይገባል። አጠገቡ ባለው የኔትቦል (የቅርጫት ኳስ ዘመድ የሆነ ጨዋታ) ሜዳ ደግሞ ሴቶች በየደረጃቸው ቀኑን ሙሉ ይጋጠማሉ። በገጠር ቪክቶሪያ እግር ኳስና ኔትቦል በአንድ ክለብ፣ በአንድ የጨዋታ መርሐ ግብር፣ በአንድ የሻይ ቤት ገቢ የሚተዳደሩ ናቸው። ይህ ባይሆን ኖሮ ከቤተሰቡ ግማሹ ቅዳሜን ቤት ይውል ነበር፤ ብዙ ክለብም ከፈረሰበት ጊዜ ቀድሞ በፈረሰ።

ተመልካቹ መኪናውን አፍንጫውን ወደ ሜዳው አዙሮ በአጥሩ ዙሪያ ያቆማል። ብርድ ከሆነ ከመኪናው ሳይወርድ ያያል፤ ጎል ሲገባ የቡድኑ ደጋፊዎች ሁሉ ጥሩምባ ይነፋሉ። ሻይ ቤቱ ውስጥ እናቶችና አባቶች በተራ ቆመው ሻይና የሥጋ ፓይ ይሸጣሉ። የውጤት ሰሌዳውን ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚሰቅሉት ልጆች ናቸው። ከአራቱ ክፍለ ጊዜዎች የሦስተኛው ማብቂያ ሳይረን ሲነፋ ግን ለእንግዳ ሰው የሚያስገርም ነገር ይሆናል። ሽማግሌው፣ ሕፃን የታቀፈችው እናት፣ ውሻውን የያዘው ገበሬ ሁሉ አጥሩን አልፈው ወደ ሜዳው መሐል ይገባሉ። ተጫዋቾቹ ተቃቅፈው አሠልጣኙን ከበው ይቆማሉ፣ ሕዝቡ ደግሞ ተጫዋቾቹን ከቦ ይቆማል። አሠልጣኙ ለመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የሚናገረውን ቁጣም ምስጋናም ከተማው በሙሉ ይሰማል። የተነገረለት ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ሐሙስ ለምን ከልምምድ እንደቀረ ሁሉም ያውቃል። በትልልቅ የከተማ ስታዲየሞች ይህን ማድረግ አይቻልም፤ የገጠር ሊግ ዋጋውም እዚህ ላይ ነው።

የቪክቶሪያ ፓርላማም ይህን ዋጋ ችላ አላለውም። በ2004 የገጠርና የክልል አገልግሎቶችና ልማት ኮሚቴው ስለ ገጠር እግር ኳስ ብቻ የተመደበ ምርመራ አካሂዶ፣ ክለቦች በትናንሽ ከተሞች ያላቸውን ማኅበራዊ ቦታ መዝግቧል።

አንድ ክለብ ዋና ቡድን፣ ሁለተኛ ቡድንና ሁለት የወጣት ቡድን ለማሰለፍ ከ80 ያላነሰ ተጫዋች ይፈልጋል። ኔትቦል በአንድ ቡድን 7 ሰው ስለሚያሰልፍ አምስት ቡድን 35 ተጫዋች ይፈልጋል፤ ተቀያሪ ሳይጨምር። ሰዓት ያዥ፣ የጎል ዳኛ፣ ወጌሻ፣ ሻይ ቤት የሚሠራ፣ ሜዳ የሚያጠጣና ሣሩን የሚያጭድ፣ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊ ሲጨመሩ፣ ጥቂት መቶ ነዋሪ ባላት ከተማ ከሥራ ውጭ የሚቀር ሰው የለም።

ሰው እንዴት አነሰ

ትራክተር መጣ፣ ቀጥሎ ሰፋፊ መዝሪያዎች፣ ቀጥሎም ትልልቅ ኮምባይነሮች መጡ። አንድ ሰው የሚያርሰው መሬት በየትውልዱ ሰፋ። መሣሪያው ውድ ስለሆነ ዋጋውን ለመመለስ ተጨማሪ መሬት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አንዱ ገበሬ የጎረቤቱን ይገዛል፣ ቀጥሎ የሌላውን። ለወታደሩ ቤተሰብ የተሰጠው 259 ሄክታር ዛሬ በሺህ በሚቆጠር ሄክታር እርሻ ውስጥ አንድ ማሳ ሆኗል። ስንዴው አልቀነሰም፤ መሬቱም ጦሙን አላደረም። ባዶ የሆነው ቤቱ ነው። አንድ ጎረቤት መሬቱን ሸጦ በሄደ ቁጥር አብረውት የሚሄዱት ልጆቹ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር የወጣቱ ቡድን ተሰላፊዎች፣ የኔትቦሉ ተጫዋቾችና የሻይ ቤቱ ተረኞች ይሄዳሉ።

የቀሩት ልጆችም ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርሱ ለዩኒቨርሲቲና ለሥራ ወደ ሜልበርን፣ ወደ ባላራትና ወደ ቤንዲጎ ያቀናሉ። ጥቂቶች በየቅዳሜው አራትና አምስት ሰዓት መኪና እየነዱ ለትውልድ ከተማቸው ለመጫወት ይመለሳሉ፤ ይህ በገጠር ሊጎች የታወቀ ነገር ነው። ትዳርና ሕፃን ሲመጣ ግን ጉዞው ይቀራል።

ድንቅ ልጅ የሆነ እንደሆነ የሚወስደው ትልቁ ሊግ ነው። ከ1968 ጀምሮ የቪክቶሪያ ገጠር በትልልቆቹ የሜልበርን ክለቦች መካከል በቀጣና ተከፋፍሎ ነበር። ከማሊ በስተደቡብ ያለው የዊመራ አገር ለኤሰንደን ክለብ ደረሰ። በዚህ መንገድ በ1977 ከዲምቡላ ከተማ የመጣው ቲም ዋትሰን በ15 ዓመቱ ለኤሰንደን ተሰለፈ፤ በኋላም በ1984፣ በ1985 እና በ1993 ዋንጫ አነሣ። በ1986 የቀጣና ሥርዓቱ ቀርቶ በአገር አቀፍ የተጫዋቾች ድልድል ተተካ። በገጠሩ ዘንድ እንዲህ ያለ ልጅ ሲወጣ ኩራቱ ትልቅ ነው፤ ለክለቡ ግን ምርጡ ተጫዋቹ ሄደ ማለት ነው።

በ1990ዎቹ ደግሞ መንግሥት ራሱ ከገጠሩ እጁን መሰብሰብ ጀመረ። ከ1992 እስከ 1999 ግዛቱን የመራው የጄፍ ኬኔት መንግሥት ወጪ ለመቀነስ ቆርጦ የተነሣ ነበር። መስከረም 12 ቀን 1993 ወደ ሚልዱራ የሚሄደው የመንገደኛ ባቡር የመጨረሻ ጉዞውን አደረገ። ከ300 በላይ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በመላው ቪክቶሪያ ተዘጉ። 210 የነበሩት የአካባቢ አስተዳደሮች ተዋህደው 78 ሆኑ። በጥር 1995 መቀመጫው ኦየን የነበረው የዋልፒአፕ አስተዳደር ወደ ሚልዱራ ተጠቃለለ፤ የሆፕታውኑ ካርካሩክ ያሪያምቢያክ በተባለው አዲስ አስተዳደር ውስጥ ገባ፤ ሲ ሌክ የተባለችው ከተማ የነበረችበት የዋይቺፕሩፍ አስተዳደርም በቡሎክ ተዋጠ። አስተዳደር ሲዛወር ጸሐፊው፣ መሐንዲሱና የመንገድ ሠራተኛው ይዛወራሉ። እነዚህ ሰዎች ተጫዋችም፣ የተጫዋች አባትም፣ የክለብ ገንዘብ ያዥም ነበሩ።

ሁለቱ የማሊ ሊጎች የተዋሃዱት ከዚህ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1997 የተደረገው ውህደት እንግዲህ በባቡሩ፣ በትምህርት ቤቱና በአስተዳደሩ ላይ ከሆነው የተለየ አልነበረም። ልዩነቱ ሊጎቹን ያዋሃዷቸው የራሳቸው ሰዎች መሆናቸው ነው።

ስሞች ሲረዝሙ

ከሊጎቹ በፊት የተዋሃዱት ክለቦች ናቸው። የክለቦቹን ስም ብቻ ያነበበ ሰው የአገሩን ታሪክ ማየት ይችላል፦ ቴምፒ-ጎርያ-ፓቺዎሎክ፣ ዉሜላንግ-ላሴልስ፣ ዋልፒአፕ-አንደርቡል፣ ሲ ሌክ-ናንዳሊ። እያንዳንዱ ስም አንድ ጊዜ የራሷን 18 ሰው ታሰልፍ የነበረች መንደር ናት። ሰው ሲያንስ ክለቡን ዘግቶ ከመሄድ ይልቅ ከጎረቤት ጋር ተዳምሮ ስምን ማስረዘም የሚመረጥ መንገድ ሆነ።

ይህ ቀላል ድርድር አልነበረም። የሚዋሃዱ ክለቦች በየትኛው ቀለም እንደሚለብሱ፣ የማንን ስም እንደሚያስቀድሙ፣ ስንት ጨዋታ በየትኛው ሜዳ እንደሚጫወቱ፣ የድል መዝሙሩ የማን እንደሚሆን ይስማማሉ። ለዘመናት ሲናደዱበት የኖሩትን የጎረቤት ማልያ መልበስ ለሽማግሌዎቹ ከባድ ነው፤ ሆኖም ከ12 ዓመት በታች ያሉት ልጆች ተጋጣሚ የሚያገኙት በዚህ ብቻ ነው። ውሳኔው ላይ የደረሱት ሰዎች ያደረጉት ነገር ሽንፈት ተብሎ ሊታይ አይገባም። ቅዳሜን ለማትረፍ የራሳቸውን ቀለም የሰጡ ናቸው።

አዲሱ ሊግ የተመሠረተበት ዓመት ሌላም መከራ የጀመረበት ነው። ከ1997 እስከ 2009 ደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያን የመታው ረጅም ድርቅ ከሊጉ 19 የውድድር ዘመን 13ቱን ሸፈነ። ውኃ በገደብ ሲሰጥ ሜዳ አይጠጣም። ሣሩ ይደርቃል፣ መሬቱ ይጠነክራል፣ ወድቆ የሚነሣ ተጫዋች ጉልበቱና ክርኑ ይላጣል። በ2007 በቪክቶሪያ ሜዳቸው እጅግ ከመድረቁ የተነሣ ውድድራቸውን ያዘገዩ ሊጎች ነበሩ። የማሊና የዊመራ ገበሬዎች ውኃ ለብዙ ዘመን የሚያገኙት ከ17,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ባላቸው ክፍት የአፈር ቦዮች ነበር፤ ከውኃው አብዛኛው በመንገድ ይተንና ይሰርግ ነበር። ቦዮቹ ወደ 9,000 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ የተቀበረ ቧንቧ ተተክተው ሥራው በ2010 ተጠናቀቀ። ሜዳዎቹ እንደገና መጠጣት ጀመሩ። ለመጠጣት የደረሱት ግን የሚሮጥባቸው ሰው ባነሰበት ሰዓት ነው።

ክለቦች እርስ በርስ ሲዋሃዱ ሊጉም እየጠበበ ሄደ። ስድስት ክለብ ብቻ ያለው ሊግ 15 ሳምንት ለመጫወት ሁሉም ከሁሉም ጋር ሦስት ጊዜ መጋጠም ይኖርበታል። ተመልካች ይሰለቻል፤ ጠንካራው ቡድን ደካማውን በዓመት ሦስት ጊዜ ሲያሸንፍ ደካማው ተጫዋች ያጣል። ጉድለቱን ለመሙላት ከውጭ ገንዘብ ከፍሎ ተጫዋች ማምጣት አንዱ መፍትሔ ነበር፤ ያም የክለቡን ካዝና ያራቁታል። የተጫዋቾችን ጥራት በነጥብ የሚገድበው የቪክቶሪያ ሥርዓት የመጣው በ2016፣ የማሊ ሊግ ከፈረሰ በኋላ ነው።

ሦስት አቅጣጫ

ሊጉ ሲፈርስ ክለቦቹ በየአቅጣጫው ሄዱ። ኦየን ዩናይትድና ዋልፒአፕ-አንደርቡል አንድ ሆነው በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ሚልዱራ፣ ወደ ሰንሬዥያ ሊግ ገቡ። ሲ ሌክ-ናንዳሊ በስተደቡብ ወደ ኖርዝ ሴንትራል ሊግ ዞረ፤ ከተጋጣሚዎቹ አንዱ የሆነው ሴንት አርኖድ ከሲ ሌክ በመንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሆፕታውንና ቢዩላ ተዋህደው ሳውዘርን ማሊ ጃያንትስ ሆኑና ወደ ሆርሻም ዲስትሪክት ሊግ ተቀላቀሉ። ያም አልበቃም፤ ጃያንትስ በኋላ ከጄፓሪት-ሬይንቦው ጋር ተዳምሮ ሳውዘርን ማሊ ተንደር የሚባል ክለብ ሆኗል።

የማሊ ሰው ዛሬም ፉቲ ይጫወታል። የጠፋው ጎረቤት ከጎረቤት የሚጋጠምበት ሰንጠረዥ ነው። የኦየንና የሆፕታውን ልጆች አሁን በአንድ ሊግ አይገናኙም፤ አንዱ ወደ ሰሜን፣ ሌላው ወደ ደቡብ ይጓዛል። ከእነሱ በፊት የነበሩት ትውልዶች ቅዳሜ ሜዳ ላይ ተገፋፍተው ሰኞ በእህል መጋዘኑ ሰልፍ ላይ ይገናኙ ነበር፤ ማሽን የተበላሸበት ገበሬ የሚደውለውም የተጋጣሚው ቡድን ተከላካይ ለነበረው ሰው ነበር። ይህ ትውውቅ ሊጉን ተከትሎ የመጣ ነበርና ከሊጉ ጋር ይሳሳል። ስለዚህ በገጠር ሊጎች ዕጣ ላይ የሚወስኑ የስፖርት ባለሥልጣናት የቡድን ብዛትና የውድድር ሚዛን ብቻ ሳይሆን፣ ማን ከማን ጋር መገናኘቱ እንደሚቀጥልም ሊያሰሉ ይገባል።

አሁን የቀረው አስቸኳይ ሥራ መዝገብ ማሰባሰብ ነው። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ በተባለው ስብስቡ የቆዩ የገጠር ጋዜጦችን ለሕዝብ በነፃ አቅርቧል፤ የሆፕታውን ጋዜጣም በውስጡ አለ። ነገር ግን አብዛኛው የጋዜጣ ስብስብ በ1954 ያበቃል። ከዚያ ወዲህ ያለው የክለቦች ታሪክ፣ የማሊ ሊግ 19 ዓመትም ጭምር፣ በዋናነት የሚገኘው በቃለ ጉባኤ ደብተሮች፣ በውጤት መዝገቦች፣ በየክለቡ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀሉ የዋንጫ ሰሌዳዎችና በየቤቱ በተቀመጡ ፎቶግራፎች ነው። ከተዋሃዱት ክለቦች አንዳንዶቹ የማይጠቀሙበት ሜዳና ቤት ይኖራቸዋል፤ ቤቱ ሲዘጋ ወረቀቱ መጀመሪያ ይጠፋል። የኔትቦሉ መዝገብ ከእግር ኳሱ እኩል፣ የሻይ ቤቱ ተራ ዝርዝር ከዋንጫው ሰሌዳ እኩል ሊሰበሰብ ይገባዋል፤ ክለቡን ያቆመው ማን እንደነበር የሚናገረው እሱ ነውና። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎችና የአካባቢ ታሪክ ማኅበራት ይህን ሥራ መጀመር ያለባቸው በ1997 ድርድር ላይ የተቀመጡት የክለብ ጸሐፊዎች ጠረጴዛው ላይ የተባለውን ራሳቸው መናገር በሚችሉበት በዚህ ጊዜ ነው።